የበረዶ ጨዋታ በረሃ ከገባ፣ የእኛ ግቢ ለምን ይዘጋል?

በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ ከዓለም ገና፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ልጆች ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በእነዚህ ከተሞች በረዶ የሚታየው በክረምት ከዶፍ ጋር ወርዶ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብና የጓሮውን ጎመን ሲበሳሳ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ቀልጦ በቦዩ ይሄዳል። በዚያ ላይ ቆሞ የሚጫወት ልጅ ከቶ አይታሰብም።

ነገር ግን ይህ ጨዋታ ከተወለደበት ቀዝቃዛ አገር ወጥቶ ወደ በረሃና ወደ ምድር ወገብ አካባቢ እንዴት እንደገባ ብንመረምር፣ ስለ ልጆቻችንና ስለ አጥቢያችን ግቢ የምንማረው ብዙ ነገር እናገኛለን። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ እስከ መጨረሻው አብረኸን እንድትዘልቅ እንጋብዝሃለን። መንገዱ ራቅ ካለ አገር ቢጀምርም የሚያልቀው በደጃችን ነው።

ጨዋታው እንዴት ያለ ነው?

አይስ ሆኪ በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ውድድር ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከሥሩ ስለታም ብረት ያለው ጫማ አድርገው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ግብ ያስገባሉ። ፓክ የሚባለው ይህ ጎማ ስፋቱ 7.62 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። የዓለም አቀፍ ውድድር ሜዳ ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱ ደግሞ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል።

በአዳራሽ ውስጥ በሕግ የተካሄደው የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ እንደተደረገ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የካናዳ፣ የስዊድን፣ የፊንላንድ፣ የሩሲያና የመሳሰሉት የብርድ አገሮች ጨዋታ ሆኖ ቆየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእነዚያ አገሮች ክረምት ሲገባ ሐይቁና ኩሬው ይጠጥራል፤ አባት ማታ በጓሮው ውኃ አፍስሶ ቢያድር ጠዋት ለልጁ ሜዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሜዳው ያለ ዋጋ፣ በቤቱ ደጅ ስለተገኘ ልጁ ተጫወተ፤ የተጫወተው ልጅም አድጎ አባት ሲሆን ለልጁ አስተማረ። እንግዲህ የጨዋታው ሥር ይህ ነበር፤ ደጅ ላይ ያለ ሜዳና አብሮ የሚቆም አባት።

በረዶው ወደ በረሃ ሄደ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1988 በዘመኑ የዚህ ስፖርት ታላቅ ተጫዋች የነበረው ካናዳዊው ዌይን ግሬትስኪ ከኤድመንተን ከተማ ቡድን ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ሎስ አንጀለስ የፀሐይና የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ብዙ ካናዳውያን አዘኑ፤ አንዳንዶችም ሆኪ በዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ተሳለቁ። ከዚያ በኋላ ግን በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በ1991፣ በፍሎሪዳ ታምፓ በ1992፣ በቴክሳስ ዳላስ በ1993፣ በአሪዞና በረሃ ፊኒክስ በ1996 ቡድን አገኙ። በ2004 የታምፓ ቡድን የአገሩን ትልቅ ዋንጫ ወሰደ።

በሞቃት አገር በረዶ የሚሠራው እንዲህ ነው። በአዳራሹ ወለል ውስጥ ብዙ ቧንቧ ይቀበራል፤ በቧንቧውም ውስጥ ከበረዶ ይልቅ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይዘዋወራል። በላዩ ውኃ በስሱ ደጋግሞ ሲረጭ ይጠጥርና ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር በረዶ ይሆናል። ውጭ ሰው በላብ ሲጠመቅ ውስጥ ሹራብ ያስለብሳል።

ይሁን እንጂ በረዶ መሥራት ብቻውን የሚጫወት ልጅ አላፈራም። ጨዋታው በእነዚያ ከተሞች ሥር የሰደደው ከትልልቆቹ ቡድኖች ጎን ለልጆች የሚሆኑ ሜዳዎች ሲከፈቱና ልጆቹን በትዕግሥት የሚያስተምሩ ሰዎች ሲገኙ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኦስተን ማቲውስ ነው። እናቱ ሜክሲኳዊት ናት፤ እርሱም ያደገው በአሪዞና በረሃ ነው። በልጅነቱ ከተጫወተባቸው ሜዳዎች አንዱ ከመደበኛው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ካሠለጠኑት ሰዎች አንዱም ከዩክሬን የመጣ ስደተኛ ነበር። ሜዳው ትንሽ ስለነበረ ልጁ በጠባብ ቦታ መዞርንና ፈጥኖ ማሰብን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡት ወጣቶች ሁሉ ቀድሞ በአንደኛነት ተመረጠ። የፊኒክስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ዩታ ተዛወረ፤ በአሪዞና ያሉ ልጆች ግን ዛሬም ሆኪ ይጫወታሉ። ትልቁ ስም ቢሄድም በልጆች ውስጥ የተተከለው አልሄደም።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንምጣ። በናይሮቢ አንድ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2005 ለመዝናኛ የሚሆን የበረዶ ሜዳ ከፈተ። ሜዳው ለዓለም አቀፍ ውድድር ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። ቢሆንም ወጣቶች እዚያ ተሰብስበው አይስ ላየንስ የተባለ ቡድን መሠረቱ። ከነዚህም በጎማ መንሸራተቻ ጫማ፣ እኛ ሮለር ስኬት በምንለው፣ በአስፋልት ላይ የተለማመዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቡድኑ ወደ ካናዳ ተጋብዞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ቡድን ጋር ተጋጠመ፤ እስከዚያ ድረስ ተጋጣሚ ስላልነበራቸው እርስ በርሳቸው ብቻ ይጫወቱ ነበር። በ2024 ደግሞ ኬንያ የዓለም አቀፉ የአይስ ሆኪ ፌዴሬሽን አባል ሆነች። ከሞያሌ ማዶ ያለ አገር ነው።

ኦሊቨር ሺሊንግተን የተባለውን ተጫዋችም ማንሣት ይገባል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1997 በስቶክሆልም ሲሆን አባቱ ስዊድናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። በሰሜን አሜሪካ ታላቅ ሊግ ለካልጋሪ ቡድን ተጫወተ። በ2022 እና በ2023 መካከል ግን የአእምሮ ጤንነቱን ለመጠበቅ ብሎ አንድ የውድድር ዓመት በሙሉ ከሜዳ ራቀ፤ በ2024 መጀመሪያ ተመለሰ። ወላጆች ይህን ልብ ይበሉት። የልጅ ነፍስ ከዋንጫ ትበልጣለች፤ ዕረፍት የጠየቀ ልጅም ሰነፍ አይባልም።

እኛስ ከማን ተቀበልን?

አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ስንሰማ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ለእኛ አይሆንም እንላለን። ታሪካችን ግን ሌላ ይናገራል። ዛሬ የኢትዮጵያ መለያ ሆኖ የሚታወቀው የሩጫ ውድድር ራሱ እንዲያደግ የረዳው እንግዳ ሰው ነው። ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ፣ የበረዶና የሆኪ አገር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደሮችን በስፖርት አሠለጠነ። ከእነርሱ አንዱ አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በደጋችን መሮጥ የሚችል እግር ድሮም ነበረ፤ የጎደለው ያንን እግር አይቶ ከጎኑ የሚቆም ሰው ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፣ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ሯጮች በሱሉልታ ከፍታ ለመሠልጠን ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ።

የቅርጫት ኳስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ ካናዳዊ ይህን ጨዋታ ፈጠረ። ሰውየው ነገረ መለኮት የተማረ ክርስቲያን ነበር። ውጭው በብርድ ተዘግቶ ተማሪዎቹ በአዳራሽ ውስጥ ሲሰለቹ አይቶ የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቀለላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ መረብ ኳስም በዚያው ማኅበር ውስጥ ተወለደ። በአገራችን ወወክማ ብለን የምንጠራው ይኸው ማኅበር በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ለብዙ ወጣት በሩን ከፍቶ ነበር። የአራት ኪሎውን ወወክማ የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። አንድ ክርስቲያን መምህር ለሰለቹ ልጆች ያሰበው ነገር ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ።

በበረዶ ላይም ቢሆን ስማችን ተጠርቷል። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን አልተቀመጠም። ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተለማመደ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በሮም አስፋልት ላይ ያሸነፈው ሰው፣ መራመድ ከተሳነው በኋላ በበረዶ ላይ አሸነፈ።

ከእርሱ በኋላ ሮቤል ተክለማርያም መጣ። በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል በበረዶ ሸርተቴ ሠለጠነና በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን፣ በቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሳተፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር እንደገና የአገሩን ሰንደቅ ይዞ ገባ። ኢትዮጵያ ሲመጣ በረዶ ስላልነበረ፣ ጎማ የተገጠመለት መንሸራተቻ አድርጎ በመንገዳችን ላይ ከታክሲና ከአህያ ጋር እየተጋፋ ይለማመድ ነበር። የሮቤል ጥረት የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን በሚቀጥሉት ሦስት የክረምት ኦሊምፒኮች፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ ኢትዮጵያዊ አልታየም። ለምን ቢባል፣ አንድ ብርቱ ሰው ተገኘ እንጂ ልጆች የሚሰበሰቡበት ቦታና በየሳምንቱ የሚያስተምራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ዛፍ ብቻውን ደን አይሆንም።

ዱላውና ኳሱ ከቤታችን ነበሩ

ሆኪ እንግዳ ነው ያልን እንደሆነ፣ የገና ጨዋታን ረስተናል ማለት ነው። አያቶቻችን በገና ሰሞን ጫፉ የታጠፈ ዱላ ቆርጠው፣ ሩር የሚሉትን ክብ ኳስ እየመቱ፣ በሁለት ወገን ተከፍለው በሰፊ መስክ ይጫወቱ ነበር። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ከሚል ትውፊት ጋር ያያይዙታል። ዳኛ የለውም፣ የተጫዋች ቁጥርም አይወሰንም። በዚያን ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባል ስለነበር፣ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ መስክ ይጋፉ ነበር። ይህን ጨዋታ ያዩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ከሆኪ ጋር ያመሳስሉታል።

እንግዲህ የዓለም ገና ልጅ ዱላና ኳስ ብንሰጠው እንግዳ ነገር አልሰጠነውም። የተቋረጠውን ቀጠልንለት እንጂ። የጎደለው መስኩ ነው።

ልጆቻችን የት ይጫወቱ?

የጅማና የቡታጅራ መንገዶች የሚለያዩባት ዓለም ገና ትናንት ዙሪያዋ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የከብት መሰማሪያ ነበር። ዛሬ ፋብሪካና መጋዘን፣ ኮንዶሚኒየምና የግል ቤት ሞልቶታል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው በፍጥነት እየሰፉ ነው። ሰው ቤት ማግኘቱ፣ ሥራ መገኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልጆች ጨርቅ ኳስ ይራገጡበት የነበረው ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። የቀረላቸው መንገዱ ነው፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ሲኖትራኩ አለ።

በአዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የስኬትቦርድ ሜዳ ተሠርቶ ብዙ ልጆች ተጠቅመውበታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ለሰው በሚል ስም መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱም፣ ሮለር ስኬት ያደረጉ ወጣቶች አስፋልቱን ሞልተውት አይተናል። እንዲህ ያለ ዕድል ያላገኙት ግን በመኪና መካከል ይንሸራተታሉ፤ አንዳንዶቹም ከጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥለው ይጎተታሉ። ልጅ መጫወቱን አይተውም። እኛ የምንወስነው የት እንደሚጫወትና ማን እንደሚያየው ብቻ ነው።

ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር ሕዝቡን መልሶ ሲያቆም ከተማይቱ ምን እንደምትመስል ሲናገር ሁለት ምልክት ሰጠ (ዘካ. 8፥4-5)። አንደኛው ከዕድሜ ብዛት ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይ መቀመጣቸው ነው። ሁለተኛው ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአደባባይ መጫወታቸው ነው። ነቢዩ የልጆችን ጨዋታ ከበረከት ምልክቶች ጋር ቆጠረው። ሴቶች ልጆችንም ለይቶ ማንሣቱን ልብ እንበል። ልጅ የማይጫወትበት ከተማ ፎቁ ቢበዛም በነቢዩ ሚዛን ጎዶሎ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ታጥሮ፣ ጥበቃ ተቀጥሮለት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አብዛኛውን ቀን ባዶ የሚውል ግቢ ያላቸው ብዙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በሩ የሚከፈተው ለጸሎትና ለአምልኮ ነው፤ ይህም ዋና ሥራው ነው። የቀረውን ሰዓት ግን የጎረቤቱ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያያል። በእኛ ዘንድ መታሰብ ያለበት ይህ ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

ጨዋታ ዓለማዊ አይደለምን? ይህ ጥያቄ ከሽማግሌዎች ዘንድ ቢነሣ አንገረም። ብዙዎቹ በስደት ዘመን ያለፉ፣ ለቤቱ ቅድስና የሚቀኑ አባቶች ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰውነትን ማሠልጠን ጥቅሙ ጥቂት እንደሆነ፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም አስተማረ (1ጢሞ. 4፥8)። ጥቂት አለ እንጂ ጥቅም የለውም አላለም። ጥቂቱን በጥቂትነቱ መያዝ ነው ጥበቡ። ጌታችንም በገበያ ስፍራ ተቀምጠው የሚጫወቱ ልጆችን አስተውሎ በምሳሌ ተጠቅሞባቸዋል (ማቴ. 11፥16-17)። ራሱም በልጅነቱ በጥበብ ብቻ ሳይሆን በቁመትም ማደጉ ተጽፎልናል (ሉቃ. 2፥52)።

ከእሁድ አምልኮ ጋር ቢጋጭስ? ይህ በእውነት የሚያሳስብ ነው። በካናዳና በአሜሪካ የበረዶ ሜዳው ውድና ጥቂት ስለሆነ ለልጆች የሚሰጠው ሰዓት ብዙ ጊዜ ማለዳ ወይም እሁድ ጠዋት ይሆናል፤ በዚያ ያሉ ክርስቲያን ቤተሰቦች በዚህ ሲፈተኑ ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሁድ ስለዋለ አልሮጥም ብሎ በ400 ሜትር እንዳሸነፈ፣ ኋላም በቻይና ሚስዮናዊ ሆኖ በእስር ካምፕ እንዳረፈ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ግቢውን ራሷ ቤተ ክርስቲያን ከከፈተች ግን ሰዓቱን የምትወስነው እርሷ ናት። ልጁ በቅዳሜና በእሁድ መካከል እንዲመርጥ አይገደድም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማንም በሱሉልታ የበረዶ ሜዳ ይሠራ አላለም። የኤሌክትሪክ ወጪው ብቻ አይቻልም። የሆኪ ጫማና መከላከያ በአሜሪካ ራሱ ብዙ ቤተሰብ ያማርራል፤ ልጅ በየዓመቱ ስለሚያድግ ደግሞ በየዓመቱ ይገዛል። ለእኛ የተስተካከለ መሬት፣ አናጢ የሚያበጀው ዱላ፣ ለስላሳ ኳስና ሁለት የግብ ምሰሶ ይበቃል። ይህም ካልተመቸ መረብ አለ፣ ገመድ መዝለል አለ፣ ሩጫ አለ። የጨዋታው ዓይነት ሁለተኛ ነገር ነው።

ልጄ ቢጎዳስ? በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ጥንቃቄ ይሻል። ዱላ ከወገብ በላይ እንዳይነሣ ሕግ ይወጣ፤ ኳሱ ጠንካራ አይሁን፤ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር አይደባለቁ። ሮለር ስኬት የሚያደርግ ልጅ የራስ ቆብና የጉልበት መከላከያ ሳያደርግ አይግባ። ራሱን ተመትቶ የዞረበት ወይም ያስመለሰው ልጅ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ምን እናድርግ?

ከሎስ አንጀለስ፣ ከናይሮቢ፣ ከአራት ኪሎና ከሮቤል ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ወጥቷል። ጨዋታ በአዲስ ምድር ሥር የሚሰደው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ የተከፈተ ቦታ፣ የማይሰለች ሰውና አብሮ የሚቆም ቤተሰብ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል፣ ጀማሪው ምንም ብርቱ ቢሆን ነገሩ ከእርሱ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ የአጥቢያ ሽማግሌዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን አንድ ጉዳይ ይዘው ቢጸልዩበትና ቢወያዩበት መልካም ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ በሩ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይከፈት። የአባላት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ልጅ ሳይባል ይግባ። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት የታወቁ አዋቂዎች በቦታው ይኑሩ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው የሚሆንበት ሁኔታ አይፈጠር። የልጆቹ ስምና የወላጅ ስልክ ይመዝገብ። መጠጥ ውኃና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይዘጋጅ። ለሴቶች ልጆች እኩል ሰዓት ይሰጥ፤ ማጀት ሥራ አለባት ተብሎ እኅቱ እንዳትቀር ወላጅ ይምከርበት።

አሠልጣኝ ከየት ይገኛል ብለን አንጨነቅ። በየአጥቢያው የስፖርት መምህር የሆነ፣ በወጣትነቱ በቀበሌ ቡድን የተጫወተ፣ ወይም ልጆችን የሚወድ ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ችሎታው መካከለኛ ቢሆንም ዘወትር ቅዳሜ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ከሚጠፋ ባለሙያ ይሻላል። ልጆች ቃሉን የሚጠብቅ አዋቂ ሲያዩ፣ ቃሉን ስለሚጠብቅ አምላክ ስንነግራቸው ለመረዳት ይቀላቸዋል።

አባቶችም ከዳር ቆሙ። በካናዳ ጓሮ ውኃ ያፈስስ የነበረው አባት አሠልጣኝ አልነበረም፤ ብርዱን ችሎ ከልጁ ጋር የቆመ ሰው ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን በፋብሪካ፣ በሱቅ ወይም በመንገድ ላይ የሚደክም አባት ለዚህ ጊዜ ማግኘት እንደሚከብደው እናውቃለን። ግማሽ ሰዓት ግን ለልጁ ብዙ ነው። አባቱ ሲያየው የገባች አንዲት ግብ ከብዙ ምክር ይልቅ በልቡ ትቀመጣለች።

የዓለም ገና ልጆች ዓለማቸው ገና ነው። ከመካከላቸው ማን ሯጭ፣ ማን መምህር፣ ማን ወንጌላዊ እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል። እስከዚያው ድረስ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያሯሩጣቸው መስክ ይፈልጋሉ፤ ቁልፉም በብዙ ስፍራ በእኛ እጅ ነው። ጌታ ልባችንንም በራችንንም ይክፈት።